ወደቡን የሚያይ በረንዳ

ሃይፋ ውስጥ ቤት የሚያከራይ ሰው ወደቡን የሚያሳይ በረንዳ ካለው ሳይናገር አያልፍም። ከተማዋ በቀርሜሎስ ተራራ ሰሜናዊ ቁልቁለት ላይ ደረጃ በደረጃ ወርዳ ባሕረ ሰላጤው ዳር የምትቆም ናት። ሃዳር በተባለው ሰፈር ከአንድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ሰው የመርከብ ማራገፊያ ክሬኖቹ፣ የዳጎን የእህል ጎተራ ረጅም ግንብ፣ ሰማዩ ሲጠራም ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችው አኮ በአንድ ጊዜ ይታዩታል። እይታው ያስቀናል። አበባ ለማሳደግ ግን ከከተማዋ በረንዳዎች ሁሉ አስቸጋሪው ይኼው ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከፀሐይ ነው። ሃይፋ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 33 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ ከፍ የምትለው 34 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ያውም በደቡብ በኩል፣ ከሕንፃውና ከተራራው ጀርባ። ፊቱን በቀጥታ ወደ ሰሜን ያዞረ በረንዳ ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ ቀጥተኛ ጨረር አያርፍበትም። በበጋ ማለዳና አመሻሽ ላይ ከጎን ሾልካ ትገባለች፤ ከዚያ ያለፈ የለም።

ጎንደር ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ጎንደር 12 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናቷ ላይ ታልፋለች፤ ሰኔ ላይ እንዲያውም እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች። እዚያ ያደገ ሰው የቤቱ የትኛው ጎን ዓመቱን ሙሉ ጥላ እንደሚሆን አስቦ አያውቅም፤ ማሰብም አላስፈለገውም። ሃይፋ ግን ይህን ስሌት ያልሠራን ሰው በኪሱ ታስተምረዋለች። ከጎንደር ገጠር የመጡ እናትና ሃይፋ የተወለደች ልጃቸው በጥቅምት ችግኝ መሸጫ ደጃፍ ላይ ቢቆሙ ክርክሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«እማዬ፣ ይቺን ቀይዋን እንውሰዳት፤ እስቲ እያት እንዴት እንደምታምር!»

«ታምራለች። ፀሐዩን ከየት ልታገኘው ነው? የኛ በረንዳ እስከ ፋሲካ ፀሐይ አያውቀውም።»

እናቲቱ ትክክል ናቸው። ቀይዋ ፔቱኒያ ብትሆን በዚያ በረንዳ ላይ ግንዷ እየረዘመ፣ አበባዋ እየሳሳ፣ በታኅሣሥ ዝናብ ደግሞ እየበሰበሰች ታልቃለች። አበባ ሻጭ በበኩሉ የሚያወጣው በዚያ ቀን ያበበውን ነው፤ የገዢውን በረንዳ አያውቀውም። ስለዚህ በማሰሮ ወይም በረጅም የበረንዳ ሳጥን ውስጥ የሚተከል ዓመታዊ አበባ ሲመረጥ የመጀመሪያው ሥራ ከቤት ሳይወጡ የሚሠራ ነው፦ በረንዳው ወዴት እንደሚያይ፣ ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደምትቆይበት፣ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚገባ ለጥቂት ቀናት አይቶ መያዝ። ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ የፀሐይ አበቦችን ይሸከማል። ከሦስት ሰዓት በታች የሚያገኝ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ እዚያ ቅጠል ከአበባ ይበልጣል።

ዓመታዊ የሚባለው ተክል እንደ ጤፍ በአንድ ወቅት በቅሎ፣ አብቦ፣ ዘር ሰጥቶ የሚሞተው ነው። ዕድሜው አጭር ስለሆነ ያለ የሌለ ጉልበቱን በአበባ ላይ ያውለዋል፤ የደረቀው አበባ ዘር ሳይቋጥር ከተቀነጠሰም እንደገና ለማበብ ይሞክራል። በረንዳ ላይ የሚወደደው ለዚህ ነው። በችግኝ መሸጫ ዓመታዊ ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ግን በተፈጥሯቸው ብዙ ዓመት የሚኖሩ ናቸው፤ ብርድ ወይም ሙቀት ስለሚገድላቸው ብቻ በየወቅቱ ይተካሉ።

ከኢትዮጵያ ለሄደ ሰው ሁለተኛው ፈተና የዘመን አቆጣጠሩ ነው፤ ቀኑን ማለት ሳይሆን ዝናቡን። በሃይፋ ክረምቱ በጥቅምት ገደማ ይገባና በሚያዝያ ያልቃል። ከ500 ሚሊሜትር ጥቂት የሚበልጠው የዓመቱ ዝናብ ሁሉ የሚወርደው በእነዚህ ወራት ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ጠብታ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰኔ ላይ ሰማይ ሰማዩን ማየት የለመደ ገበሬ እዚህ ሰኔ ላይ የሚያየው የደረቀ ተራራ ነው። እንቁጣጣሽም በዓመቱ ደረቅ ጫፍ ላይ፣ 30 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ይውላል።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሃይፋ ወደብ የወረዱት በዝናቡና በደረቁ ወቅት መገናኛ ላይ ነበር (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከጅቡቲ ኢንተርፕራይዝ በተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተጭነው ሜይ 8 ቀን 1936 ደረሱ፤ ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም አቀኑ። እንግሊዞች የሠሩት ወደብ በኦክቶበር 1933 ከተመረቀ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም። ንጉሡ ለአበባ የሚሆን ልብ በዚያ ቀን እንዳልነበራቸው ግልጽ ነው። ለበረንዳ አትክልተኛ ግን ሜይ መጀመሪያ ወሳኝ ሳምንት ነው፤ የክረምቱ አበቦች የሚነቀሉበት፣ የበጋዎቹ የሚገቡበት።

ስለዚህ የሃይፋ በረንዳ በዓመት ሁለት ጊዜ ይተከላል። የመጀመሪያው ተክል የሚገባው ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ፓንሲ፣ ስናፕድራገን፣ ካለንዱላ፣ ፔቱኒያ፣ አሊሰም፣ ናስተርሽየም። አውሮፓ ውስጥ እነዚህ የጸደይና የበጋ አበቦች ናቸው። እዚህ በረዶ ወደ ባሕሩ ዳር ስለማይደርስና የጥር ሌሊት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 ወይም ከ9 ዲግሪ ስለማይወርድ ክረምቱን ሙሉ ያብባሉ፤ የሚገድላቸው የግንቦት ሙቀት ነው። ከመካከላቸው ለወደብ ዳር እጅግ የሚመቸው አሊሰም ነው ቢባል የሚቃወም ብዙ አይገኝም። ነጭና ሐምራዊ ጥቃቅን አበባው ማር ማር ይሸታል፤ የትውልድ ቤቱ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ስለሆነ ጨው ያዘለ ነፋስ አያስደነግጠውም። በሳጥኑ ጠርዝ ከተተከለ በራሱ ወደ ታች ይወርዳል። ናስተርሽየም ደግሞ ሰነፍን የሚክስ አበባ ነው። ፍሬው በቀጥታ አፈር ውስጥ ይቀበራል፣ ማዳበሪያ ሲበዛበት ቅጠል ብቻ ያወጣል፣ ሲጎድልበት ያብባል። አበባውም ቅጠሉም ሰላጣ ውስጥ ይገባል።

እነዚህ ሁሉ ግን ፀሐይ ይፈልጋሉ። ወደቡን ለሚያየው የጥላ በረንዳ ክረምት ላይ መልሱ ያለው ከበስተጀርባው ካለው ተራራ ላይ ነው። በዓለም ሁሉ በማሰሮ የሚሸጠው ሳይክላሜን ዝርያው የመጣው ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን የዱር ሳይክላሜን ነው፤ እሱም ዛሬም በቀርሜሎስ ዐለቶች ሥር፣ በዛፍ ጥላ ውስጥ፣ ከክረምቱ ዝናብ ጋር ያብባል። ከዱር መንቀል በሕግ የተከለከለ ነው። በችግኝ ቤት ያደገው ግን በርካሽ ይገኛል፤ ቀዝቃዛ ጥላም ይወዳል። ዓመታዊ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ድንች መሰል አካል በበጋ ተኝቶ በመኸር ይነሣል። የሰሜን በረንዳ ያለው ሰው ግን በዚህ ጥቃቅን የዕፀዋት ሕግ ባይጨነቅ ይሻለዋል።

እዚህ ላይ አደይ አበባን ማንሳት ግድ ይላል። አደይ ቢደንስ ከተባለው የዕፀዋት ወገን ነው። በየችግኝ መሸጫው በሚንጠለጠል ማሰሮ ውስጥ ቢጫ ሆኖ የሚፈስ፣ ቢደንስ ተብሎ የሚሸጥ አበባ አለ። ሜክሲኮ የተገኘ የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ የቀጠነ፣ አበባው ያነሰ ነው እንጂ ቢጫው ያው ነው። ዋናው ልዩነት ወቅቱ ነው፤ አደይ ከክረምቱ ዝናብ ማብቂያ ጋር ከመስከረም ጀምሮ ሜዳውን ሲሞላ፣ የሜክሲኮው ዘመዱ በሃይፋ የሚያምረው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ለእንቁጣጣሽ የሚደርስ ቢጫ የሚፈልግ ቤተሰብ ቢደንስን ትቶ ዚኒያ ወይም ማሪጎልድ በሐምሌ ቢዘራ ይሻላል። ሁለቱም ከዘር ተነስተው በሁለት ወር ገደማ ያብባሉ።

በጋው ሌላ ጦርነት ነው። ነሐሴ ላይ ቀኑ 31 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም የሚከብደው ቁጥሩ ሳይሆን እርጥበቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ የሚነሳው ነፋስ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ባት ጋሊም በመሰለ ባሕሩን በተጠጋ ሰፈር ጨው በመስታወት ላይ ሲደርቅ በዓይን ይታያል፤ ቅጠል ላይም እንዲሁ ያርፋል። የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ሲቃጠል ብዙ ሰው የውኃ ጥማት መስሎት ያጠጣል፣ ሥሩንም ያበሰብሰዋል። መድኃኒቱ ቅጠሉን በማለዳ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው። በጸደይና በመኸር ደግሞ ከምሥራቅ፣ ከበረሃው፣ ሻራቭ የሚሉት ደረቅ ነፋስ ይነሣና በአንድ ቀን የወሩን ልፋት ያጠፋል።

ይህን የሚችል አበባ ማን ነው? ቪንካ ከማዳጋስካር የመጣች ናት፤ ሙቀት ባየለ ቁጥር ይበልጥ ታብባለች። ግን ቸኩለው ሲተክሏት ትቀየማለች፦ መሬቱ ገና ቀዝቃዛና እርጥብ ሳለ በመጋቢት ከተተከለች ሥሯ ይበሰብሳል። ከሚያዝያ ማብቂያ በፊት መንካት የለባትም። የደም ካንሰር መድኃኒት የሚወጣባት ይህችው ተክል ናት፤ ያም ስለሆነ ሕፃን ባለበት ቤት ልጁ ቅጠሏን እንዳያኝክ መጠበቅ ያስፈልጋል። ፖርቱላካ ወፍራም ቅጠል ስላላት ውኃ ታከማቻለች፣ ጨውም ድርቅም ትችላለች። ጉድለቷ አበባዋ ፀሐይ ሲጠፋ መዘጋቱ ነው፤ ከሥራ ማታ የሚመለስ ሰው አበባዋን ከቅዳሜ በቀር ላያያት ይችላል። ዚኒያ ባሕር ዳር እርጥበቱ ቅጠሉን ዱቄት መሰል ሻጋታ ያለብሰዋል፤ ጠባብ ቅጠል ያለው ዓይነት ይበልጥ ይቋቋማል።

ኢትዮጵያውያን የማያውቁት ሀብታቸው ደግሞ ፔንታስ ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ እስከ የመን፣ ኢትዮጵያንም ጨምሮ፣ በዱር የሚበቅል ነው። ባለኮከብ ጥቃቅን አበቦቹ ዘለላ ሠርተው ይወጣሉ፤ ቢራቢሮ ይጠራሉ። በቀዝቃዛ አገር እንደ ዓመታዊ ይሸጣል፣ በሃይፋ ግን በመጠለያ ሥር ክረምቱን ሊዘልቅ ይችላል። ግማሽ ቀን ፀሐይ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ወደ ምሥራቅ ለሚያይ በረንዳ ከቪንካ ይልቅ እሱን መምረጥ ያዋጣል።

በጥላው በረንዳ ላይ በበጋ ምን ይቀመጥ? ድሮ መልሱ ኢምፓሸንስ ነበር። ምሥራቅ አፍሪካ የበቀለው ይህ አበባ፣ ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት የእንሶስላ የሥጋ ዘመድ ነው። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ግን ቅጠሉን ከሥር ነጭ አቧራ የሚያለብስ በሽታ በአውሮፓና በአሜሪካ ችግኝ ቤቶች ተዛምቶ ብዙዎቹ ማምረት አቆሙ። የኒው ጊኒው ዓይነት ያን በሽታ ይቋቋማል፤ ዋጋው ከፍ ይላል። ከሁለቱም ይልቅ ግን በሰሜን በረንዳ ላይ የበጋውን ወራት ሳይነጫነጭ የሚያሳልፈው ኮሊየስ ነው።

ኮሊየስ አበባው ዋጋ የለውም። እንዲያውም የአበባው ዘንግ ብቅ ሲል መቀንጠስ አለበት፤ አለዚያ ጉልበቱን ወደ ዘር ያዞርና ቅጠሉ ይገረጣል። ቅጠሉ ግን ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ ሎሚ አረንጓዴ፣ በአንዱ ላይ ሦስት ቀለም ነው፤ ቀለሙም ከሳምንት በኋላ አይረግፍም። አበባ የሚሉት ነገር ለሁለት ሳምንት ደምቆ ለሦስት ሳምንት ያርፋል። ቅጠል አያርፍም። የሃይፋ በረንዳ ባለቤቶች ለአበባ ከሚያወጡት ግማሹን ለቅጠል ቢያወጡ ከተማዋ ይበልጥ ታምር ነበር፤ ይህ የጸሐፊው አስተያየት ነው፣ ግን ማስረጃው ከተማዋ መሐል ተዘርግቶ ይታያል። በ2001 ለሕዝብ የተከፈተውና አርክቴክቱ ፋሪቦርዝ ሳህባ የነደፈው የባሃኢ የአትክልት ስፍራ 19 እርከን ሆኖ ከተራራው ራስ ወደ ወደቡ አቅጣጫ፣ በዚያው በሰሜናዊ ቁልቁለት ላይ ይወርዳል። ጎብኚ ፎቶ የሚያነሣው አበባውን ይምሰለው እንጂ ዓይኑን የያዘው የተከረከመው ሣርና አጥር፣ ቀጥ ያለው የጥድ መስመር፣ የአረንጓዴ ዓይነቶች ልዩነት ነው። አበባው በጥቂቱ፣ በተመረጠ ቦታ ብቻ ነው የሚገባው።

ፀሐይና ጨው ላለበት ወገን ደግሞ የብር ቅጠል አለች፤ በችግኝ መሸጫ ሲነራሪያ የሚሏት፣ ግራጫ ጸጉር የለበሰች፣ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ተወላጅ። ጸጉሩ ጨረሩን ይመልሳል፣ እርጥበቷንም ይጠብቅላታል። ከቀይ ቪንካ ጎን ስትቀመጥ ቀዩን ታደምቀዋለች።

ስለ ቅጠል ሲወራ ሁለት የኢትዮጵያ ተክሎች በዓለም የአበባ ማሰሮ ውስጥ ያላቸውን ቦታ የሚያውቅ አበሻ ጥቂት ነው። አንዱ ጉሎ ነው። አያቶች ምጣድ የሚያሰሱበት ያው ጉሎ፣ ምንጩ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የሆነው፣ በአውሮፓ መናፈሻዎች ቀይ ቅጠል ያለው ዝርያ ተመርጦለት እንደ ዓመታዊ ጌጥ በየበጋው ይተከላል። ሃይፋ ውስጥ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም፤ በየሸለቆው ራሱን ዘርቶ እንደ አረም ይበቅላል። በረንዳ ላይ ግን ባይገባ ይሻላል፤ ፍሬው መርዝ ነው፣ ቁመቱም በአንድ በጋ ከሰው ያልፋል።

ሌላው እንሰት ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን ሲጎበኝ እንሰትን አይቶ ሥሎታል፤ መጽሐፉም በ1790 ታተመ። በ1853 ምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዘሩን ወደ ለንደን ኪው የዕፀዋት ማዕከል ላከ። ዛሬ ቀይ ቅጠል ያለው የእንሰት ዝርያ በአውሮፓና በአሜሪካ የአበባ ማሰሮ መሐል ላይ የሚቆም ውድ ጌጥ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ወይ ወደ ቤት ይገባል፣ ወይ ይጣላል። ጉራጌና ሲዳማ ቆጮ የሚበላበትን ተክል ለአንድ በጋ ጌጥ ገዝቶ የሚጥል አገር መኖሩ የሚያስቅም የሚያስተክዝም ነው። ሃይፋ ላይ ብርዱ አይገድለውም። የሚገድለው የባሕሩ ነፋስ ነው፤ ሰፊ ቅጠሉን በአንድ ሌሊት ሰንጥቆ ያድራል። ግድግዳ በሚከልለው ማዕዘን ከሌለ አይሞከርም።

የማሰሮ አሞላል ብዙ ጊዜ ገና ከተክሉ ምርጫ በፊት ነገሩን ያበላሻል። የጓሮ አፈር ማሰሮ ውስጥ አይገባም። ዋልካ ከሆነማ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሥር አየር ያጣል። እስራኤል ውስጥ ቱፍ የሚሉት፣ ከጎላን የሚመጣ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ጠጠር ከኮኮናት ቃጫና ከብስባሽ ጋር ይቀላቀላል። ቢሾፍቱ አካባቢ ለመንገድ የሚወጣው ቀይ የእሳተ ገሞራ አሸዋ የዚሁ ወንድም ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በማሰሮ የሚተክል ሰው ሊሞክረው ይችላል። ማሰሮ ሥር ጠጠር መደልደል ውኃን ያሳልፋል የሚለው ልማድ ግን ትክክል አይደለም። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ለሥር የሚሆነውን ቦታም ያጠብባል። የሚያስፈልገው ቀዳዳና ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አፈር ነው።

ቀዳዳው በዚያ አገር የሃይማኖት ጥያቄም ይሆናል። በኦሪት ዘሌዋውያን 25 እንደተጻፈው ምድር በሰባተኛው ዓመት ታርፋለች። ሽሚታ የሚሉት ይህ ዓመት በቅርቡ የዋለው ከሴፕቴምበር 2021 እስከ ሴፕቴምበር 2022 ነው፤ ቀጣዩ በ2028 ይጀምራል። ረቢዎች ሥሩ ቀዳዳ ያለውን ማሰሮ ከምድር ጋር እንደተያያዘ ይቆጥሩታል፤ ቀዳዳ የሌለው፣ በተለይም በጣሪያ ሥር ያለ፣ ሕጉ ይላላለታል። አጥባቂ ቤተሰብ በዚያ ዓመት ሃይማኖቱ ቀዳዳ የሌለውን ሲመርጥለት ተክሉ ደግሞ ቀዳዳውን ይፈልጋል። መውጫው ውኃን በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣትና ትንሽ ውኃ የሚበቃቸውን እንደ ፖርቱላካ ያሉትን መያዝ ነው።

በነሐሴ ትንሽ ማሰሮ በቀን አንዴ ውኃ ይጠይቃል፤ ጥቁር ፕላስቲክ ከሆነ ሥሩ ይቀቀላል፣ ስለዚህ ፈዛዛ ቀለም ይመረጣል። ለሳምንት ከቤት የሚርቅ ሰው ቀጭን ቱቦና ሰዓት ያለው ቧንቧ ይገጥማል። ይህ የጠብታ መስኖ የተስፋፋው እዚያው አገር ነው፦ መሐንዲሱ ሲምኻ ብላስ ከሚያንጠባጥብ ቧንቧ ጎን ያለ ዛፍ ከጓደኞቹ በልጦ ማደጉን አስተውሎ ሐሳቡን አሳደገው፤ በ1965 ሃጼሪም ከተባለው ኪቡጽ ጋር ኔታፊም ተመሠረተ። ለበረሃ እርሻ የታሰበው ነገር ዛሬ የአያት ቤት በሶብላ ያጠጣል።

ውኃ በበዛ ቁጥር ምግቡ ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ በማሰሮ ውስጥ ቀስ እያለ የሚለቅ፣ በልባስ የተሸፈነ ጠጠር መሰል ማዳበሪያ ይጨመራል። የዚህ ንግድ ትልቅ ስም ከዚያችው ባሕረ ሰላጤ የተነሣ ነው። በ1960ዎቹ የተቋቋመው ሃይፋ ኬሚካልስ ለዓለም ፖታሲየም ናይትሬት ሲያቀርብ ኖሯል፤ ማልቲኮት የሚባለው ቀስ እያለ የሚለቅ ማዳበሪያም የእሱ ነው። ይህ ማዳበሪያ የሚሠራበት አሞኒያ ግን ወደቡ አጠገብ 12,000 ቶን በሚይዝ ታንክ ተከማችቶ ነዋሪውን ለዓመታት ሲያስጨንቅ ቆየ፤ በ2017 ፍርድ ቤት ታንኩ ባዶ እንዲደረግ አዘዘ። አንድ ማንኪያ ጠጠር ማሰሮ ላይ የሚበትን ሰው ይህን ሁሉ ታሪክ ማሰብ አይጠበቅበትም። መጠኑን ግን ያስብ፤ ከተጻፈው በላይ ከተጨመረ ጨው ሆኖ ሥር ያቃጥላል፤ የወደቡ ነፋስ ያመጣው ጨው አይበቃ ይመስል።

ችግኞቹስ ከየት ይመጣሉ? እስራኤል የራሷ አራቢዎች አሏት፤ በ1953 የተመሠረተው ዳንዚገር በአገሩ ሙቀት የፈተናቸውን ፔቱኒያና ቪንካ ለዓለም ይሸጣል። የአውሮፓ በረንዳ ግን ከፊሉ የሚነሣው ከቆቃ ነው። ከአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቆቃ ሐይቅ አጠገብ፣ ፍሎረንሲስ፣ ሲንጀንታና ዱመን ኦሬንጅ የመሳሰሉ ኩባንያዎች የእናት ተክል ቤቶች ከፍተዋል። 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ብርሃኑ ዓመቱን ሙሉ የተትረፈረፈ ነው። ሴት ሠራተኞች ከጀራንየም እናት ተክል ላይ የጣት ርዝመት የማይሞሉ፣ ሥር የሌላቸው ቁርጥራጮች እየቀነጠሱ በላስቲክ ያሽጋሉ፤ አውሮፓ በበረዶ ሳለች በአውሮፕላን ይሄዳሉ፣ እዚያ ሥር ያወጣሉ፣ በሜይ የበረንዳ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ሠራተኞቹ ወደ ተክል ቤቱ ከመግባታቸው በፊት እጅና ጫማ በመድኃኒት የሚታጠበው ያለ ምክንያት አይደለም። ድንችንም የሚያጠፋ ራልስቶኒያ የተባለ ባክቴሪያ በ2003 ከኬንያ፣ በ2020 ከጓቲማላ በጀራንየም ተሳፍሮ አሜሪካ ገብቶ ብዙ ተክል አስቃጥሏል።

በሃይፋና በባሕረ ሰላጤው ዳር ባሉት፣ ቅርያት በሚባሉት ከተሞች በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግን ማሰሮ ለአበባ ብቻ ተብሎ አይያዝም። በሶብላ ዓመታዊ ነው፣ ሙቀት ይወዳል፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ሽታው በረንዳውን ይይዛል፤ አበባውን ሲያወጣ ንብ ይሰበስባል፣ ለበርበሬ የሚደርቀውም ያኔ ነው። ወይን ጠጅ ቅጠል ያለው ዓይነት ከነጭ ፔንታስ ጋር ቢተከል ከማንኛውም የተገዛ ቅንብር አያንስም። አቀናባሪዎች በአንድ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ አንድ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ አንድ መሐሉን የሚሞላ፣ አንድ በጠርዙ የሚወርድ ተክል ይፈልጋሉ። ለምሥራቅ በረንዳ በሶብላው ይቆማል፣ ፔንታሱ ይሞላል፣ በጠርዙ ቅጠሉ የሚያምረው ጌጠኛ ስኳር ድንች ይወርዳል። ሦስቱም ፍላጎታቸው ተመሳሳይ ነው፤ ፖርቱላካን ከኮሊየስ ጋር አንድ ማሰሮ ውስጥ ማስገባት ግን ከሁለት አንዱን መግደል ነው።

ጤና አዳምን የሚፈልግ ደግሞ ከጎንደር ዘር ማስመጣት የለበትም። ቡና ውስጥ የሚገባው ዓይነት የሜዲትራኒያን ተወላጅ ነው፤ በቀርሜሎስ ዐለታማ ጎኖች ላይ በራሱ ይበቅላል። ችግኙን ከመሸጫ ገዝቶ፣ ቱፍ በበዛበት አፈር፣ ፀሐይ ባለበት በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ሰማያዊ ያዘለ አረንጓዴው ቅጠል ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፤ በየወቅቱ በዙሪያው ያሉት ዓመታዊ አበቦች ሲነቀሉና ሲተከሉ እሱ በመሐል ይቆያል። ሲቆረጥ ግን በማለዳ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ጓንት አድርጎ ነው። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ካገኘው ውኃ እስኪቋጥር ያቃጥላል፤ ምልክቱም በማግስቱ እንጂ ያን ጊዜ አይታይም።